የፕሬዚዳንቱ ገንዳ፣ የዋሽንግተን ጥርስ፣ የቦስተን ሞላሰስ፦ የአሜሪካ ታሪክ ቁራሾች እንዴት ይሠራሉ?

ሚላርድ ፊልሞር 13ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። ከ1850 እስከ 1853 ዋይት ሀውስ ተቀምጧል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለምን እንዳነሳሁ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።) ስለዚህ ሰው አንድ ነገር የሚያውቅ አሜሪካዊ ካገኛችሁ የሚነግራችሁ ምናልባት ይህንኑ ነው፦ ዋይት ሀውስ ውስጥ የመጀመሪያውን የገላ መታጠቢያ ገንዳ ያስገባው ፊልሞር ነው።

ውሸት ነው። ማን እንደፈጠረው፣ በየትኛው ቀንና በየትኛው ጋዜጣ እንዳወጣው ሁሉ ይታወቃል። ፈጣሪው ራሱ በአደባባይ ተናዟል። ወሬው ግን እስካሁን አልሞተም።

ፌስቡክ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ፣ ቲክቶክ ላይ በየቀኑ እንዲህ ያሉ የታሪክ ቁራሾች ያልፋሉ። «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ይልና አንድ ፎቶ፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ ከሥር የሚስቅ ኢሞጂ። እኔም እወዳቸዋለሁ። ሻይ እስኪቀዘቅዝ አምስት ስድስቱን ማንበብ ይቻላል። ግን ከጀርባቸው ያለው አሠራር ከራሳቸው ከቁራሾቹ የበለጠ ይገርማል። ዛሬ እሱን እናያለን።

ገንዳው

ዲሴምበር 28 ቀን 1917 ነው። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገብታለች። ኤች. ኤል. ሜንከን የሚባል ስመ ጥር ጋዜጠኛ ለጀርመን የሚያደላ ሰው ነበርና ስለ ጦርነቱ የልቡን መጻፍ አልቻለም። ስለዚህ ኒውዮርክ ኢቭኒንግ ሜይል በተባለ ጋዜጣ ላይ ስለ ገላ መታጠቢያ ገንዳ ጻፈ።

ጽሑፉ በቁጭት ይጀምራል። የአሜሪካ ገንዳ 75ኛ ዓመት ማንም ሳያስታውሰው አለፈ ይላል። ከዚያ ታሪኩን ይተርካል። አዳም ቶምሰን የሚባል የሲንሲናቲ ነጋዴ በ1842 የመጀመሪያውን ገንዳ ቤቱ ውስጥ አስተከለ። ገንዳው ከማሆጋኒ እንጨት የተሠራ ነው፤ ውስጡ በእርሳስ ተለብጧል። ሐኪሞች «ለጤና ጠንቅ ነው» ብለው ተነሡ። ከተሞች ሊያግዱት ሞከሩ። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ፊልሞር በ1851 ዋይት ሀውስ አስገባው፣ ሕዝቡም ተከተለ።

ሁሉም ፈጠራ ነው። ሜንከን በዚያ በጨለመ ጊዜ ትንሽ ፈገግ ለማለት የጻፈው ቀልድ ነበር። አንባቢው ግን አልሳቀም፤ አመነ። ወሬው ወደ ሌሎች ጋዜጦች፣ ወደ ሐኪሞች ጽሑፍ፣ ወደ ማጣቀሻ መጻሕፍት ተሻገረ። ሜንከን በሜይ 1926 ሁሉንም እንደፈጠረው ጽፎ አመነ። ኑዛዜውን ካተሙት ጋዜጦች አንዱ ቦስተን ሄራልድ ነበር። ይኸው ጋዜጣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ የገንዳ ታሪክ እንደ እውነተኛ ወሬ አድርጎ አወጣው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የፊልሞር ገንዳ ግን እያደር ደፈረሰ። በ1952 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ራሱ ንግግር ላይ አነሳው። በ2008 ደግሞ አንድ የመኪና ኩባንያ ይህንኑ ታሪክ ይዞ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሠራ።

ለምን ይህን ያህል ዘለቀ? ጽሑፉን ልብ ብላችሁ እዩት። ስም አለው፣ ከተማ አለው፣ ዓመት አለው። የገንዳው እንጨት ዓይነት እንኳ ሳይቀር ተጽፏል። ማንም ሰው ውሸት ለመንገር ይህን ያህል አይለፋም ብለን እናስባለን። ከዚያ በላይ ግን የተቃዋሚዎቹ ነገር አለ። ገንዳን የሚፈሩ ሐኪሞች! አንባቢው «የድሮ ሰው እንዴት ሞኝ ነበር» ብሎ ይስቃል። ራስን ብልህ የሚያደርግ ወሬ ደግሞ ማን ይመረምረዋል?

ሌላም ምክንያት አለ። በ1977 ሀሸር፣ ጎልድስታይንና ቶፒኖ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ሰብስበው እውነትና ሐሰት የተቀላቀለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች በየሁለት ሳምንቱ ልዩነት ሦስት ጊዜ አሰሟቸው። የተደጋገሙት ዓረፍተ ነገሮች፣ ሐሰት የሆኑትም ጭምር፣ በየዙሩ የበለጠ እውነት እየመሰሉ ሄዱ። ውሸት ሲደጋገም እውነት ይመስላል የሚባለውን በሙከራ አረጋገጡት ማለት ነው። አንድ ፖስት በአምስት ግሩፕ ሲደርሳችሁ ጭንቅላታችሁ አምስት ምስክር ያገኘ ይመስለዋል። ምስክሩ ግን አንድ ነው። ወይም አንድም የለም።

ጥርሱ

አንድ ዶላር ኖት ካላችሁ አውጡና የጆርጅ ዋሽንግተንን አፍ እዩት። ከንፈሩ ተጣብቋል፤ አገጩ አካባቢ ወጣ ያለ ነገር አለው። ሥዕሉ ጊልበርት ስቱዋርት በ1796 ከሣለው የተወሰደ ነው። ብዙ ሰዎች ያንን አፍ ከሰው ሠራሽ ጥርሱ ጋር ያያይዙታል። ከዚያ ቁራሹ ይመጣል፦ «ዋሽንግተን የእንጨት ጥርስ ነበረው!»

የእንጨት ጥርስ አልነበረውም። ጥርስ አልነበረውም የሚለው ግን ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ኤፕሪል 30 ቀን 1789 ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም አፉ ውስጥ የቀረው የራሱ ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሠራሾቹ ከጉማሬ ጥርስ ተቀርጸው፣ የሰውና የእንስሳ ጥርስ ተደርጎባቸው፣ በእርሳስ፣ በነሐስና በወርቅ ሽቦ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። ላይኛውንና ታችኛውን የሚገፋ ሞላ አለው። አፉን ዘግቶ ለመቀመጥ ራሱ መታገል ነበረበት። አንደኛው ዛሬም በመኖሪያ ቤቱ በማውንት ቨርነን ለጎብኚ ይታያል።

እንጨቱ ከየት መጣ? የጉማሬ ጥርስ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ ቀለም ይገባና ቡናማ መስመር ይሠራል። መስመሩ የእንጨት ጅማት ይመስላል። ዋሽንግተን ፖርት የሚባለውን ቀይ ወይን ይወድ ነበር፣ የጥርስ ሐኪሙ ጆን ግሪንውድም ወይኑ ጥርሱን እያጠቆረው መሆኑን ጽፎለታል። ስለዚህ ያየ ሰው «እንጨት ነው» ቢል አይፈረድበትም።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነው። አሁን ወደ ሂሳብ ደብተሩ እንግባ። ዋሽንግተን ወጪውን እየመዘገበ የሚኖር ሰው ነበር። በሜይ 1784 ደብተሩ ላይ አንድ መስመር አለ። ለዘጠኝ ጥርሶች ለጥቁሮች 6 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ተከፈለ ይላል። ከሥሩ የአንድ ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም ስም ተጠቅሷል። ያ ሐኪም በዚያው ዘመን ጋዜጣ ላይ ለአንድ ጥርስ ሁለት ጊኒ (ጊኒ 21 ሽልንግ የሚያወጣ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው) እከፍላለሁ ብሎ ያስነግር ነበር፤ ማስታወቂያው ባሪያዎችን አይጨምርም። በማውንት ቨርነን የተከፈለው የዚያ ሲሶ ገደማ ነው። ደብተሩ ጥርሶቹ በማን አፍ እንደገቡ አይናገርም። የማን እንደነበሩ ግን ተናግሯል። ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት ማውንት ቨርነን ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩ። «የእንጨት ጥርስ ነበረው» የሚለው ያስቃል፣ ማንንም አያስቆጣም፣ ለሕፃናት መጽሐፍም ይሆናል። እውነተኛው ታሪክ ደግሞ ከአንድ ባሪያ አሳዳሪ የወጪ ደብተር ውስጥ ተቀምጧል። የትኛው ሼር እንደሚደረግ መገመት አይከብድም።

እኔ እንደሚመስለኝ የእነዚህ ነገሮች ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» እያለ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ «የት ላይ ነው የተቆረጠው?» የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ ቁራሹ የሚቆረጠው «ለምን?» የሚለው ሊጀምር ሲል ነው። ውሸቱም እውነቱም።

እውነት ሆኖ ውሸት የሚመስለው

በተቃራኒው ደግሞ አለ። በ1790 የተወለደ ፕሬዚዳንት የልጅ ልጅ እስከ 2025 በሕይወት ነበር። ይህን ያነበበ ሁሉ መጀመሪያ «ተው እባክህ!» ይላል። ሂሳቡን እንሥራው።

ጆን ታይለር የተወለደው በ1790 ነው፤ ዋሽንግተን ሥልጣን በያዘ በዓመቱ። ከ1841 እስከ 1845 አሥረኛው ፕሬዚዳንት ሆነ። ሁለት ጊዜ አግብቶ 15 ልጆች ወለደ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ላየን በ1853 ሲወለድ አባትየው 63 ዓመቱ ነበር። ላየንም የአባቱን መንገድ ተከተለ። በስተርጅና እንደገና አገባ፣ በ1928 ሃሪሰን የሚባል ልጅ ሲወልድ 75 ሆኖት ነበር። ሃሪሰን ታይለር በሜይ 2025 በ96 ዓመቱ አረፈ። አያት፣ አባት፣ ልጅ፤ በቃ። ሦስት ሰው 235 ዓመት ሸፈነ።

በዚያው መንገድ የሚመጣ ሌላ አለ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው በ1865 ነው። የጦርነቱ የመጨረሻ ጡረታ ግን እስከ 2020 ተከፍሏል። ተቀባይዋ የአንድ ወታደር ልጅ ነበረች፤ ክፍያው በወር 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም። እሷም አባቷ በእርጅናው የወለዳት ናት።

እነዚህ ሁለቱ ንጹሕ ናቸው። የልደትና የሞት ቀን ብቻ ስለሚጠይቁ ማንም በወረቀት ላይ ሊደምራቸው ይችላል። ቁራሽ ታሪክ ሲሆን እንዲህ ነው የምወደው።

የቦስተን ሞላሰስ ግን ሌላ ነገር ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን 1919፣ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ፣ በቦስተን ኖርዝ ኤንድ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የቆመ ግዙፍ የሞላሰስ ማጠራቀሚያ ታንከር ፈነዳ። ሞላሰስ ከስኳር ምርት የሚተርፈው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ ነው፤ ወንጂ ወይም መተሐራ የኖረ ሰው ሽታውን አይረሳውም። ታንከሩ 2.3 ሚሊዮን ጋሎን ይዞ ነበር፤ ወደ 8.7 ሚሊዮን ሊትር ማለት ነው። ፈሳሹ ከ7 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማዕበል ሆኖ በሰዓት እስከ 56 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት መንገዱን ጠረገው። 21 ሰዎች ሞቱ፣ 150 ገደማ ቆሰሉ። ፈረሶች እዚያው ተጣብቀው ሞቱ።

ቁራሹ «በ1919 ቦስተንን ሽሮፕ አጥለቀለቃት» ይልና ከሥሩ የፓንኬክ ቀልድ ይከተላል። ቀልዱ ራሱ መጥፎ አይደለም። ግን «ለምን ፈነዳ?» ብላችሁ አንድ እርምጃ ግቡ።

ሞላሰሱ ለምግብ የተቀመጠ አልነበረም። የኢንዱስትሪ አልኮል ይሠራበት ነበር፤ አልኮሉ ደግሞ ለጦርነቱ ፈንጂ ይሄዳል። ጦርነት ሲሆን ገበያው ይደራል። የታንከሩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ በ1915 በጥድፊያ አስገነባው። ብረቱ መሆን ከነበረበት የሳሳ ነው። ሲያልቅ በውኃ ሞልቶ መፈተሽ ሲገባ ታችኛው ጥግ ላይ ጥቂት ውኃ ብቻ አፍስሰው አለፉት። ገና ከጅምሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። የሰፈር ልጆች ከሥሩ በጣሳ እየቀዱ ይወስዱ ነበር። ኩባንያው ምን አደረገ? ታንከሩን ቡናማ ቀለም ቀባው። የሚፈሰው እንዳይታይ።

ከአደጋው በኋላ ኩባንያው «አናርኪስቶች ቦምብ አጥምደውበት ነው» አለ። ነዋሪዎቹ፣ አብዛኞቹ ጣሊያናውያን ስደተኞች፣ ክስ መሠረቱ። ሂው ኦግደን የሚባል ጠበቃ ጉዳዩን እንዲሰማ ተሾሞ ለዓመታት ምስክር ሰማ። በ1925 ጥፋቱ የኩባንያው ነው ብሎ ወሰነ። ካሳው 628 ሺህ ዶላር ሆነ። ከዚያ በኋላ ቦስተን ባለችበት በማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ትልልቅ ግንባታዎች በመሐንዲስ ተፈርመው እንዲቀርቡ የሚያስገድደው ቁጥጥር ጠበቀ።

ፓንኬኩ ላይ የሚፈሰው ቀልድ ይህን ሁሉ ቆርጦ የጣለ ነው። አንድም የውሸት ቃል የለበትም፣ ግን ጥፋተኛው ከታሪኩ ወጥቷል።

የሊንከንና የኬኔዲ ዝርዝር የሚባለው፣ የተገደሉትን ሁለት ፕሬዚዳንቶች መመሳሰል የሚቆጥረው፣ ደግሞ ድብልቅ ነው። ከ1964 ጀምሮ ሲዞር የነበረ ነው፤ መጀመሪያ በወረቀት፣ አሁን በስልክ። ሊንከን ለኮንግረስ የተመረጠው በ1846፣ ኬኔዲ በ1946። ፕሬዚዳንት የሆኑት በ1860ና በ1960 ምርጫ። የተኳቸው ሁለቱም ጆንሰን የሚባሉ፤ አንዱ በ1808 ሌላው በ1908 የተወለደ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ከዚያ «ሊንከን ኬኔዲ የምትባል ጸሐፊ ነበረችው» ይላል። የሊንከን ጸሐፊዎች ጆን ኒኮላይና ጆን ሄይ ነበሩ። «የሁለቱም ገዳዮች የተወለዱት በ39 በሚያልቅ ዓመት፣ በ1839ና በ1939 ነው» ይላል። የሊንከን ገዳይ ቡዝ የተወለደው በ1838 ነው። አራት እውነት አስቀድሞ ሁለት ውሸት ማስከተል የቆየ ዘዴ ነው።

አይቡ፣ ከድራማ ወደ ዋይት ሀውስ

አንዳንዴ ቁራሹ ከታሪክ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ተመልሶ ወደ መንግሥት ይገባል። የአንድሪው ጃክሰን አይብ እንዲህ ነው።

አንድ የኒውዮርክ ግዛት ገበሬ በ1835 ለፕሬዚዳንት ጃክሰን 1,400 ፓውንድ የሚመዝን አይብ ላከለት። 635 ኪሎ ነው። አይቡ ለሁለት ዓመት ገደማ ዋይት ሀውስ ውስጥ ተቀመጠ። ጃክሰን ሊሰናበት ሲቃረብ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1837፣ በሩን ከፍቶ ሕዝቡን ጋበዘ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገባ። አይቡ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ አለቀ። ሽታው አላለቀም፤ ለቀጣዩ ፕሬዚዳንት ለቫን ቢዩረን ተረፈ።

ከ1999 ጀምሮ ይታይ የነበረው ዘ ዌስት ዊንግ የተባለው ድራማ ይህን አነሳው። ድራማው ውስጥ አይቡ ሁለት ቶን ሆኗል፤ ዓላማውም የተራበ ሁሉ መጥቶ እንዲበላ ተደርጓል። ሠራተኞቹ በዚያ መታሰቢያ ሰሚ ያጣ ሰው ሁሉ መጥቶ አቤቱታውን እንዲያሰማ ቀን ይመድባሉ። ሰው ወደደው። በ2014 የኦባማ ዋይት ሀውስ «የትልቁ አይብ ቀን» ብሎ ባለሥልጣናት በኢንተርኔት የሕዝብ ጥያቄ የሚመልሱበት ቀን አዘጋጀ። ልብ ወለዱ እውነተኛ የመንግሥት ፕሮግራም ወለደ ማለት ነው።

እውነተኛው አይብ ምን ነበር? የፖለቲካ ስጦታ። ከዚያ በፊት በ1802 የማሳቹሴትስ ባፕቲስቶች ለቶማስ ጀፈርሰን 1,235 ፓውንድ አይብ ልከው ነበር፤ ለሃይማኖት ነፃነት በመቆሙ ሊያመሰግኑት። ለጃክሰን የላከው ገበሬም የእሱ ሰው ከዚያ የማያንስ ይገባዋል ብሎ ነው።

ሆት ዶጉም ከዚሁ ወገን ነው። በየዓመቱ ጁላይ 4 ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ የሆት ዶግ የመብላት ውድድር አለ። ጆይ ቼስትነት በ2021 በአሥር ደቂቃ 76 በልቷል። (እንዴት እንደሚቻል አትጠይቁኝ።) ውድድሩ በ1916 አራት ስደተኞች ማን የበለጠ አገሩን ይወዳል ብለው ሲከራከሩ ተጀመረ ይባላል። በ2010 አንድ አንጋፋ የማስታወቂያ ሰው ታሪኩን ከባልደረባው ጋር እንደፈጠሩት ለኒውዮርክ ታይምስ ተናገረ። ውድድሩም የተጀመረው በ1970ዎቹ ነው። ማስታወቂያ ግን አሁንም 1916 ይላል።

ስለ ሳቁ

የአሜሪካኖች የኢንተርኔት ቀልድ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ በራሱም ይስቃል። የሊንከን ፎቶ ላይ «ኢንተርኔት ላይ ያነበባችሁትን ሁሉ አትመኑ» የሚል ጽፈው ከሥሩ «አብርሃም ሊንከን» ብለው የሚለጥፉት ሚም አለ። በ1865 የሞተ ሰው ነው። ከሁሉም ሚም አንዱን ምረጥ ብትሉኝ እሱን እመርጣለሁ።

«የፍሎሪዳ ሰው» ደግሞ ከሁሉ የተዋጣለት የዕለት ተዕለት ቀልድ ነው። በ2013 አንድ የትዊተር አካውንት «የፍሎሪዳ ሰው» ብለው የሚጀምሩ የጋዜጣ ርዕሶችን መሰብሰብ ጀመረ። አዞ ይዞ የገባ፣ ከፖሊስ ሲያመልጥ ተመልሶ ፖሊስ ጣቢያ የተገኘ፣ ምን የሌለ አለ። በ2019 ሰው ሁሉ የልደት ቀኑን ከዚህ ቃል ጋር ጎግል ላይ እየጻፈ የወጣለትን ርዕስ ይለጥፍ ነበር።

ፍሎሪዳ ውስጥ ሰው ከሌላው ግዛት የበለጠ አብዷል? አይደለም። «ለምን?» ስትሉ መልሱ ሕግ ነው። የፍሎሪዳ የሕዝብ መረጃ ሕግ በአሜሪካ ውስጥ በጣም ክፍት ከሚባሉት አንዱ ነው። አንድ ሰው ሲታሰር የፖሊስ ሪፖርቱና ፎቶው ቶሎ ለጋዜጠኛ ይደርሳል። ሌላ ግዛት ውስጥ ያው ሰው ያንኑ ቢያደርግ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ከዚያ ላይ ግዛቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው። መንግሥትን ለመቆጣጠር የወጣ ሕግ የቀልድ ፋብሪካ ሆነ። ፎቶው ላይ ካሉት ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውና በሱስ የተያዙ አሉ፤ እነሱም ከርዕሱ ሥር ነው የሚቆረጡት።

ወደ አማርኛ ሲገባ

አሁን መጀመሪያ ላይ ያቆየኋት የዘመን አቆጣጠር ነገር። የአሜሪካ ቁራሽ ወደ አማርኛ ቴሌግራም ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው «እ.ኤ.አ.» ነው። አንዱ ጽፎት ሌላው ሲቀዳው ይተወዋል። «በ1919 ቦስተን» ብላችሁ ያነበባችሁ በእኛ አቆጣጠር ከወሰዳችሁት ሰባት ስምንት ዓመት ስታችኋል። በትክክል ስትመልሱት ጥር 7 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ስታደርጉት ደግሞ ሌላ ነገር ይታያችኋል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አዲስ አበባ በኅዳር በሽታ ስትረግፍ ነበር። ያው ወረርሽኝ በዚያው መፀው ቦስተንንም መትቷል። ሞላሰሱ የፈሰሰው ቀብሯን ገና ባልጨረሰች ከተማ ላይ ነው። ይህን ቁራሹ አይነግራችሁም።

መለኪያም እንደዚሁ ነው። 1,400 ፓውንድ ሲተረጎም 1,400 ኪሎ ይሆንና አይቡ በአንድ ሌሊት ከእጥፍ በላይ ያድጋል።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ መንገዱ ረጅም አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ የድሮ ጋዜጦችን ስካን አድርጎ በነፃ ለሕዝብ አቅርቧል፤ በቀንና በከተማ መፈለግ ይቻላል። የማውንት ቨርነን ድረ ገጽ ስለ ጥርሶቹ፣ ስለ ደብተሩም ጭምር፣ ግልጽ አድርጎ ጽፏል። እኔ ከሁሉ በፊት የምፈልገው ወጪ ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ተከሰሰ፣ ስንት ካሳ ተሰጠ። ተረት ደረሰኝ የለውም። ሜንከን ስለ እንጨቱ ሁሉ ጽፏል፤ ዋይት ሀውስ ገንዳውን ስንት እንደገዛው የሚያሳይ ወረቀት ግን ማንም አላገኘም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይህ ሁሉ እውቀት እንዳያሳስታችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚያጠና ወገን ብዙ ነው፣ ፈተናው ላይም የታሪክ ጥያቄ አለ። ነገረኛ የሆነ የታሪክ ፖስት ያነበበ ሰው «ነፃነቱ የታወጀው ጁላይ 4 አይደለም» ብሎ ሊነሳ ይችላል። ከፊሉ ልክ ነው። ኮንግረሱ ከእንግሊዝ ለመለየት ድምፅ የሰጠው ጁላይ 2 ቀን 1776 ነው። የኮንግረሱ አባል ጆን አዳምስ ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ወደፊት የሚከበረው ጁላይ 2 ይሆናል ብሎ ነበር። አብዛኞቹ የፈረሙት ደግሞ ኦገስት 2 ነው። ጁላይ 4 የመግለጫው ጽሑፍ የጸደቀበት ቀን ነው፣ በወረቀቱ ራስ ላይ የተጻፈውም እሱ ነው።

ፈታኙ መኮንን የሚጠይቃችሁ ግን መግለጫው መቼ እንደጸደቀ ነው። ስለ አዳምስ ደብዳቤ ማንሳት አያስፈልግም። ጁላይ 4 ቀን 1776 ብላችሁ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፉ።